ባለ ቅጠሉ መኖ

እናትየው ስትሞት ቤት ውስጥ ከቀረው ዕቃ ሁሉ ማንም ልብ ያላለው አንድ ጆንያ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሞላ የዶሮ መኖ። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎበታል፤ ከቅጠሉ ሥር «ኦርጋኒክ» ይላል። ለቀስተኛው መጥቶ ሲሄድ፣ የተዋሱት ወንበር ሲመለስ፣ የሟች ልብስ እየታጠፈ ለዘመድ ሲከፋፈል፣ ጆንያው ጓሮ ያለችውን የዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። ዶሮዎቹም ከዚያው በሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ የማን እጅ እንደዘረገፈላት አትጠይቅም ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው የእነዚህን ዶሮዎች ነገር አላየም።

ልጅቱ ተኳሽ ናት። አትደንግጡ፤ የምትተኩሰው ሸሚዝ ነው። ልጅቱ እንበላት እንጂ ሽበት ጀምሯታል። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መካከል ቆማ ካውያ ትገፋለች፤ መጀመሪያ አንገትጌ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እጅጌ፣ ደረቱ መጨረሻ። ማታ እግሯ አብጦ ትገባለች። ከእናቷ ቀብር በኋላ የተከራየቻትን ክፍል ለቃ አባቷ ቤት ገባች፤ ብቻውን መተው የሚቻል ሰው አልነበረምና።

አባትየው ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቷል። ከተማውን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን መንገዱ ከጭንቅላቱ አንድ በአንድ እየጠፋበት ሄደ። እናትየው በሕይወት ሳለች ይህን አላስነቃችም። ሲረሳ ታስታውሰዋለች፣ ሲሳሳት ቀልድ ታደርገዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ከጎኑ ተቀምጣ ስሙን በጆሮው ሹክ ትለዋለች። ጉዱ የወጣው እሷ ስትሄድ ነው።

አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሰውየው ሚስቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ማነሽ!» ነው የሚላት። «ማነሽ! ውኃ!» «ማነሽ! መነጽሬን አየሽው?» ልጅቱ ትምህርት ቤት የገባች ቀን መዝጋቢዋ ሴትዮ «የእናትሽ ስም?» ስትላት በኩራት «ማነሽ!» ብላ መለሰች። ሴትዮዋም «እኔማ መዝጋቢዋ ነኝ፤ እናትሽን ነው የጠየቅኩሽ» አለቻት። ይህ ቀልድ በቤቱ ስንት ዓመት ተሣቀበት። ልጁን ደግሞ «ድንቢጥ» ይላታል፤ ልጅ ሳለች ከሳህኑ ዳር ፍርፋሪ እየለቀመች ስለምትበላ። ድንቢጥ ብሎ የሚጠራት ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

አባትየው ጠዋት ጠዋት ከአንድ ቅቅል እንቁላል በቀር ምንም አይቀምስም። ዳቦ ስትሰጠው ይገፋል፤ ሾርባ ስትሰጠው «ታምሜያለሁ እንዴ?» ይላል። እንቁላሉንም ከጓሮ ካልሆነ አይነካውም። ስለዚህ ልጅቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ዶሮዎቹን ትፈታለች፣ መኖ ትሰጣለች፣ እንቁላል ለቅማ ትቀቅላለች፣ ልጣ ከጨው ጋር ታቀርብለታለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ እሷ ማዕድ ቤት ቆማ ድስት ስታጥብ፣ አባቷ ከምግብ ጠረጴዛው «ማነሽ! እጅሽ ይባረክ!» ሲል ሰማች።

ድስቱን አስቀመጠች። ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ በፊቱ ላይ አንዳች ግራ መጋባት አልነበረም። «ዛሬ ድካም ይታይብሻል» አላት፤ «ድንቢጥ ትናንት ሰላም ገባች?»

ያኔ ገባት። መልኳ ወደ እናቷ ከሄደ ቆይቷል፤ የአባቷም ዓይን ደክሟል። ከማዕድ ቤት የምትወጣ ሴት አለች፤ እንቁላሉ የሚስቱ እንቁላል ነው፤ እንግዲያው ሴትዮዋ ሚስቱ ናት። ሒሳቡ ልክ ነው። «አባዬ፣ እኔ እኮ ድንቢጥ ነኝ» ብትለው ከልቡ ሣቀ። «ድንቢጥማ ሥራ ናት። አንቺ ደግሞ ቀልድሽ አያልቅም» አላት። ከዚያ በኋላ ተወችው። ሐዘን ከሌለበት ሰው ላይ ሐዘን መጫን ምን ይባላል? ቀኝ እጁን በአየር ላይ ማርሽ እንደሚለውጥ እያንቀሳቀሰ በመስኮት ሲያይ ይውላል፤ ደህና ነው።

ታዲያ ጆንያው አለቀ።

መኖ ሻጩን ሰፈርተኛው «ጋሽ ዱቄቱ» ይለዋል፤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ ሰው ነው፤ ሲሥቅ ይቦናል።

«ጋሼ፣ ባለ ቅጠሉን ፈልጌ ነበር» አለችው።

«የእናትሽን መኖ! ነፍሷን ይማር። አለ። ዋጋው ግን ከእሷ ጋር አልተቀበረም፤ ይኸው አድጓል።» ነገራት። ልጅቱ ቦርሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የአባቷ መድኃኒትም በዚያው ወር ጨምሯል።

«ሌላ የለም?»

«ይኸው ግራጫው።» አንድ ጆንያ በጫማው ገፋ አደረገ። «ባለ ቅጠሉ በቆሎ ነው፣ ስንዴ ነው፣ አኩሪ አተር ነው፤ መድኃኒት ሳይረጭበት የበቀለ። ይሄኛው የፋብሪካ ትራፊ፣ ፍሩሽካ፣ የዓሣ ዱቄት። ትንሽ ይሸታል እንጂ ዶሮ ትበላዋለች፤ እንቁላልም ትጥላለች።»

«እንቁላሉ ልዩነት አለው?»

«እናትሽን ብትጠይቂያት ሰማይና ምድር ነው። እኔን ብትጠይቂኝ እንቁላል እንቁላል ነው። ደግሞ እኔን አትመኚኝ፤ ሁለቱንም ነው የምሸጠው» ብሎ ሣቀ፤ ቦነነ።

ግራጫውን ተሸክማ ሄደች።

እናትየው ዶሮዎቿን በድምፅ ጠርታ አታውቅም። መኖ መስፈሪያ ጣሳውን ይዛ በጋብቻ ቀለበቷ ጠርዙን ታንኳኳለች፤ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ ድምፅ ነው፤ ዶሮዎቹ ያን ሲሰሙ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሮጣሉ። ቀለበቱ ከእሷ ጋር ተቀብሯል። ልጅቱ በማንኪያ ብታንኳኳ ይመጣሉ እንጂ አይሮጡም። ግራጫውን መኖ የዘረገፈችላቸው ቀን ደግሞ መጥተው ከበቡት፤ አንገታቸውን ቀለስ አድርገው አዩት፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ከእሷ ጀርባ ያለውን የማዕድ ቤት በር ማየት ጀመሩ። አንዱም አልጮኸም። አለቃ የሚሏት ትልቋ ቀይ ዶሮ ደረጃው ላይ ወጥታ በሩ ሥር ቆመች፤ የሆነ ሰው እንደሚወጣ ሁሉ። ልጅቱ ሳታስበው ዘወር አለች። በሩ ክፍት ነበር፤ ማንም የለበትም። ከዚያ ራባቸው መሰለኝ፣ በሉ።

እንቁላሉ ወዲያው አልተለወጠም። ሆዳቸው ውስጥ የነበረው እስኪወጣ ሳምንት አለፈ፤ ትንሽም ቆየ። አንድ ማለዳ ግን የላጠችው እንቁላል አስኳሉ ነጣ ብሎ ታያት። አቀረበችለት። አባቷ ቆረሰ፣ አፉ ውስጥ አደረገ፣ ማኘኩን አቆመ። ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ማዕድ ቤቱን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ ለረጅም ጊዜ።

«ድንቢጥ» አለ።

«አቤት አባዬ!» ብላ ዘለለች። ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሄዳ ከእግሩ ሥር ልትቀመጥ ምንም አልቀራት።

«እናትሽ ሞታለች፤ አይደል?»

ልጅቱ የእንቁላሉን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች።

«እሷ ብትኖር ይህን እንቁላል ለሰው አታቀርብም» አለ አባቷ። «ዓሣ ዓሣ ይላል። እሷ ይህን ለድመት አትሰጥም። መቼ ነው የሞተችው?»

ነገረችው። «እኔ ነበርኩ?» አለ። «ነበርክ አባዬ፤ አፈር አልብሰሃታል።» ሁለት እጁን ገልብጦ አያቸው፤ አፈሩ ካለ ብሎ ይሆናል። ከዚያ አለቀሰ። የሽማግሌ ልቅሶ ድምፅ የለውም፤ ትከሻ ብቻ ነው። ልጅቱ አቅፋው አብራው አለቀሰች፤ ሥራም አረፈደች።

በማግስቱ ረስቶታል። ማታ ተኝቶ ሲነሣ ሚስቱ ማዕድ ቤት ናት። እንቁላሉን ቀመሰ፤ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ «ድንቢጥ» አለ፤ «እናትሽ ሞታለች፤ አይደል?» በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሰው መርዶ የሚረዳው አንድ ጊዜ ነው፤ ያ አንዱም ይበዛል። እሷ ግን በየማለዳው አንዱን ሞት ለአንዱ ሰው የምትነግር መርዶ ነጋሪ ሆነች፤ እሱም በየማለዳው አዲስ ባል የሞተበት፣ ይቅርታ፣ ሚስት የሞተችበት ሰው ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር አንደበትንም ያሰናክላል።

አሁን ልጅቱ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ይመጣል። ልቅሶው ሲያልቅ አባቷ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ያያታል፤ ያውቃታል። «እግርሽ አብጧል» ይላታል። «ያ ካውያ እንዳያቃጥልሽ፤ ምን ሆነሽ ነው ክንድሽ ላይ?» ይላታል። አንድ ቀን በተወለደችበት ዕለት አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ሐኪም ቤት በር አቁሞ «ይቅርታ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ» ብሎ እንደወረደ አጫወታት፤ ሰምታው አታውቅም ነበር። ልብሷን ለብሳ ስትወጣ «ድንቢጥ፣ መንገዱን ስትሻገሪ በደንብ እዪ» ይላታል። ይህችን ግማሽ ሰዓት እየወደደቻት መጣች። እንቁላሉን ስትቀቅል ልቧ ይቸኩላል። ጥቂት እንባ ያልፋል፣ ከዚያ ስሜን ይጠራኛል ትላለች። ይህን ያሰበች ቀን በራሷ ደነገጠች፤ አፈረችም። ቢሆንም መኖውን አልለወጠችም።

እሑድ ማለዳ አክስቷ መጣች፤ የእናትየው ታላቅ እህት። ሴትዮዋ ቀጭን ናት፤ ምላሷም እንደ ራሷ ቀጭን ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አየች፤ ቁርሱን፣ ማንኪያው ሲቀመጥ፣ ጥያቄውን፣ ትከሻውን። አንድ ቃል ሳትተነፍስ ልጅቱን በክንዷ ይዛ ጓሮ አወጣቻት።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?»

«በየቀኑ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልጅቱ የመኖውን ነገር አስረዳቻት። አክስትየዋ ግራጫውን ጆንያ ከፍታ አሸተተች፤ ፊቷን አኮማተረች።

«እህቴ ምን በድላሽ ነው በየማለዳው የምትገያት?»

«አክስቴ!»

«አክስቴ አትበይኝ። አንዴ ሞተች፤ ቀበርናት፤ አበቃ። ይህ ምስኪን ግን በየቀኑ ይቀብራታል። ባለ ቅጠሉን ግዢለት። ዋጋውን እኔ እሸፍናለሁ፤ ሰበብ እንዳይኖርሽ።»

«ባለ ቅጠሉን ከበሉ እኔን አያውቀኝም» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ። «እናቴ ትመጣለች፤ እኔ እጠፋለሁ። አባት ነበረኝ፤ አሁን ነው ያገኘሁት።»

አክስትየዋ የጆንያውን አፍ አጥፋ ዘጋችው። ከዚያ «እሱ ባያውቅሽ አንቺ ታውቂው የለ?» አለች፤ በዝግታ። ልጅቱ ለዚህ መልስ ስትፈልግ ሰነበተች።

ሰው ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ሲያቅተው መሐሉን ይመርጣል፤ መሐል የሌለ እየሆነም። ጋሽ ዱቄቱ ዘንድ ሄደች። ሁሉንም አልነገረችውም፤ «አንዱ ተወደደብኝ፣ አንዱ ሸተተብኝ» ብቻ አለችው። «ታዲያ ምን ችግር አለ፤ ግማሽ በግማሽ ቀላቅይው! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ አንቺ ደግሞ በመኖ» ብሎ ሣቀ። እሷም አዋጭ መሰላት፤ ሐዘኑ ትንሽ ይቀንስ፣ እኔም ትንሽ ልቅር አለች።

የተቀላቀለው ያመጣው እንቁላል ለአባትየው የማንም እንቁላል አልነበረም። ቀመሰው፤ ማንኪያውን አላስቀመጠም፤ አልበላም። አፉ ውስጥ ይዞት ቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤

«ማነሽ?» አለ።

የሚጠራው ሚስቱን ይሁን፣ ወይስ ማን እንደሆነች የሚጠይቃት ይሁን፣ ልጅቱ አልለየችውም። ድምፁ በመሐል ነበር። «እኔ ነኝ» አለችው፤ ለሁለቱም ይሆናል ብላ።

«እሱማ አንቺ ነሽ» አለ። «ግን ማነሽ?»

አባቷ ተነሣ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ኮሪደሩን ያዘ፤ መኝታ ቤቱን ከፈተ፤ አልጋ ልብሱን ገለጠ፤ ሥሩን አየ። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ባዶ መስቀያዎቹን በጣቱ ነካ፤ ተንኳኩ። «ድምፅዋን እሰማለሁ» አለ፤ «እዚህ ናት፤ ግን አትመጣም። ምን አድርጌያት ነው የማትመጣው?» ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን አይደለም፤ ሐዘን ስም አለው። የጠፋ ተሳፋሪ የሚፈልግ ሾፌር ፊት ነበር።

ልጅቱ ከኋላው እየተከተለች «አባዬ፣ ተቀመጥ» ስትለው፣ ከጓሮ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ የጣሳ ድምፅ ሰማች፤ ብረት በብረት። አባቷም ቀጥ አለ። ሁለቱ ተያዩ። ልጅቱ ሮጣ ወጣች። ጣሳው ውስጡ ማንኪያ ሳይኖር በምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ነፋስ የለም። ዶሮዎቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ ከጣሳው ሥር፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። አለቃ ክንፏን ዘርግታ ነበር። ልጅቱ ጣሳውን አውርዳ ዕቃ ቤት ከታ ቆለፈችበት። ምን እንደሰማች እስከ ዛሬ አታውቅም። አንድ ነገር ግን አወቀች፤ ግማሽ ሙት ግማሽ ሕያው ተደርጋ የምትዞር ሴት በዚያ ቤት ካለች፣ ያመጣቻት እሷው ናት፤ በጆንያ ቀላቅላ።

ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ መኖው ሳይቀላቀል በፊት ከተለቀሙት፣ አንድ እንቁላል ቀርቷል። በማግስቱ ያንን ቀቀለች። አባቷ ቀመሰ፤ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ድንቢጥ» አለ።

«አቤት።»

«እናትሽ ሞታለች፤ አይደል?»

«አዎ አባዬ። ሞታለች።» ልቅሶው እስኪያልፍ ጠበቀች። ዓይኑን በመሐረቡ ጠረገችለት። ከዚያ ሌሊቱን ሁሉ ስታብላላው ያደረችውን፣ መጠየቅ የሌለበትን ጥያቄ ጠየቀችው፤

«አባዬ፣ እናቴ ብትኖር ይሻልሃል ወይስ እኔ ብኖር?»

«ሞኝ። ሁለታችሁም ኑሩ።»

«ሁለታችንም አይሆንም።»

አባትየው አሰበ። ሲያስብ ቀኝ እጁ ማርሽ ለወጠ፤ አንድ፣ ሁለት። «እንግዲያው እሷ ትኑር» አለ። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ የትም ትኖሪያለሽ።»

ልጅቱ ሣቀች፤ ሣቁ መሐል ላይ ተበላሸባት። ፊቷን ጉልበቱ ላይ አስደግፋ ቆየች፤ እሱም ጸጉሯን እየዳበሰ «ሸብተሻል እኮ ድንቢጥ፤ መቼ ነው ያረጀሽብኝ?» አላት። ለሥራ ስትወጣ «መንገዱን ስትሻገሪ በደንብ እዪ» አለ። በሩ ላይ ዘወር ብላ «እሺ አባዬ» አለችው፤ አንድ ጊዜ ደግማ «እሺ አባዬ» አለችው። ከሥራ ስትመለስ ባለ ቅጠሉን ጆንያ ተሸክማ ነበር።

ዶሮዎቹ ባለ ቅጠሉን ሲያዩ እንዴት እንደሮጡ መናገር ያስቸግራል። የእናትየው የጎማ ነጠላ ጫማ አሁንም የጓሮ በር ሥር አለ፤ ጭቃ ስለነበር ልጅቱ እሱን ተጫማች፤ ልኳ ነበር። ያን ጫማ ሲያዩ እግር እግሯን ይከተሏታል። ውሎ አድሮ አስኳሉ ደመቀ። አንድ ጠዋት «ማነሽ! እጅሽ ይባረክ!» የሚለው ጥሪ መጣ። ልጅቱ «መጣሁ» አለች። ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ቆም ብላ አዳመጠችው፤ የራሷ አልመሰላትም።

አባትየው ደህና ሆነ። ጉንጩ ሞላ፤ ጠዋት ጠዋት ያፏጫል፤ ማርሽ ይለውጣል። አክስትየዋ እየመጣች «ተመስገን» ትላለች፤ ልጅቱን ግን ዓይን ዓይኗን ማየት ትታለች። ሥራ ቦታ ሸሚዝ ስትተኩስ ድንገት እናቷ ታደርግ እንደነበረው ከንፈሯን መጥጣ ራሷን ታገኛለች። መስታወት ፊት ከቆመች ዓይኗን ቶሎ ትሰብራለች፤ እዚያ ውስጥ ያለችው ሴት በአክብሮት ሰላም ልትባል የሚገባት ናትና። ድንቢጥ የሚላት የለም። ሰው ስሙን የሚጠራለት ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግርህም፤ ምንም አይሆንም፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ቤት ውስጥ ግን ሲሄድ ኮቴው አይሰማም።

ዝናብ የጣለ ማለዳ ነበር። አባትየው እንቁላሉን ግማሽ ድረስ በልቶ አቆመ።

«ማነሽ!»

«መጣሁ።»

«ተቀመጪ።» ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ አትዋሺኝ። ድንቢጥ ምን ሆነች?»

ልጅቱ እጇን ከጠረጴዛው በታች ደበቀች። «ሥራ ናት።»

«ሥራ፣ ሥራ! ሥራ የሄደ ሰው ማታ ይገባል። ዓይኗን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? እኔ እኮ ጠብቄ ጠብቄ ነው የጠየቅኩሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰው እንዳይሰማ። «ልጄ ሞታ ከሆነ ንገሪኝ። ደብቃችሁኝ ከሆነ አልቆጣም፤ ለእኔ ብላችሁ ነው። ግን መርዶ አይደበቅም። ልጄን ሳላለቅስላት እንዳልቀር።»

ዝናቡ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ልጅቱ ልትጮህ ፈለገች። አንዱን ሞት ብትወስድለት፣ ባዶውን ቦታ ሌላ ሞት መጥቶ ተቀምጦበታል፤ የሟቿም ወንበር እሷ የተቀመጠችበት ነው። እዚሁ ነኝ፣ እየኝ፣ ክንዴ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ አንተው ነህ መጀመሪያ ያየኸው ልትለው ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ይህን ብትለው ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለችው ሚስቱ በዚያች ቅጽበት ትሞታለች።

«አለች» አለችው።

«በሕይወት?»

«በሕይወት አለች።»

«እውነት በይ።»

«እውነት።»

አባትየው ፊቷን መረመረ፤ ትንፋሹን ለቀቀ። «እሺ» አለ። «አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።» ከዚያ ሳህኑን ከእነ ግማሹ እንቁላል ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ይህን ለእሷ አስቀምጪላት። ያች ልጅ ስትገባ ርቧት ነው የምትገባው፤ እናንተ ደግሞ አትጠይቋትም።»

ሳህኑን ይዛ ማዕድ ቤት ገባች። መታጠቢያው ፊት ቆማ፣ በዚያው በእሱ ማንኪያ፣ እንባዋ እየወረደ በላችው። ልጅ ሳለች እናቷ ከቀቀለችላት እንቁላል ጣዕሙ አልተለየም።

«ማነሽ!» አለ አባቷ ከወዲያ፤ የማንኪያውን ድምፅ ሰምቶ ይሆናል። «መጣች እንዴ?»

«መጣች።»

«በላች?»

ሳህኑን አጠበች፤ አደረቀች፤ ቦታው መለሰች።

«በላች» አለችው።